ስሕተትን መዝግቦ ስለ መያዝ

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንናገረው ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያና የሥራ ልማድ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ የባለ ሙያዎች ነገር ነው፤ ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይሆነዋል?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ይህ ሙያ ዛሬ በብዙ ቤት ገብቶ ይገኛል። ልጅ በራት ሰዓት እንኳ ዐይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ ይቀመጣል፤ እናቱ «ምን እየሠራህ ነው?» ብላ ብትጠይቀው «ስሕተት እየፈለግሁ ነው» ይላታል፤ በማግሥቱም ብትጠይቀው መልሱ ያው ነው። እናትም በልቧ «ይህ ልጅ ምን ያህል ቢሳሳት ነው ስሕተቱን ፈልጎ የማይጨርሰው?» ትላለች። ጥያቄዋ መልስ የሚገባው ሆኖ ስለ አገኘነው፣ የምናውቀውን በአጭሩ ለመግለጽ አሰብን። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ብልህ አሽከር የጌታው ንግግር ጎዶሎ ቢሆን ሐሳቡን ገምቶ ይሞላዋል፤ ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አያውቅም። አንድ ፊደል ቢጎድል፣ አንድ ቁጥር ቢበዛ፣ ጥፋቱን ያለ ማመንታት ይፈጽመዋል። ለዚህም ምስክር የሚሆን በጁን 4 ቀን 1996 ዓ.ም. የደረሰው ነገር ነው። አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉያና ምድር ተነሥቶ 40 ሰከንድ ያህል እንደ በረረ መንገዱን ስቶ በአየር ላይ ፈነዳ፤ የጫናቸውም አራት ሳተላይቶች ዐብረው ጠፉ። ነገሩ ሲመረመር ከፕሮግራሙ አንዱ ክፍል ከቀድሞው አሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው ይልቅ ፈጣን ስለ ነበረ፣ አንዱ ቁጥር ከተመደበለት ስፍራ በላይ ሆነ፤ ስፍራው ከ32,767 የሚበልጥ ቁጥር አይችልም ነበር። ለትንሽ እንስራ የተለካ ውኃ ትልቁን እንደማይሞላ ሁሉ፣ ለትልቁ የተቀዳም በትንሹ ቢገለብጡት ይፈስሳል። ለአንዱ በጎ የነበረ ሥራ ለሌላው ሳይመረመር ስለ ተሰጠ ብዙ ሀብትና የብዙ ሰዎች ድካም በአንድ አፍታ ጠፋ።

እንግዲህ ያ ልጅ በራት ሰዓት ስሕተት መፈለጉ ከሰነፍነት የመጣ አይደለም። የዚህ ሙያ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያምኑት ነገር «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ነው። መሣሪያቸውም ሁሉ የተሠራው በዚህ እምነት ላይ ነው። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ፣ ማርክ 2 የሚባለው ትልቅ የሒሳብ ማሽን እንቢ ባለ ጊዜ ሠራተኞቹ ቢፈትሹት በውስጡ የእሳት እራት ሞታ አገኙ። በአገራቸው ቋንቋ በማሽን ላይ የሚደርስን ጉድለት ከዚያም በፊት ባግ፣ ማለት ተባይ፣ ይሉት ስለ ነበረ ነገሩ አሣቃቸው። ነገር ግን ሥቀው አልጣሏትም፤ በዕለት መዝገባቸው ላይ በማጣበቂያ ለጥፈው፣ ሰዓቱን ጽፈው፣ እውነተኛ ተባይ የተገኘችበት የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑን ከሥሯ አመለከቱ። መዝገቡም ከነእሳት እራቷ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ ኖሯል። እኛን የሚያስደንቀን የተባይዋ መገኘት ሳይሆን የሰዎቹ መመዝገብ ነው። ጉድለታቸውን እንደ ነውር ቢቈጥሩት ኖሮ ያን ገጽ ማን ያየው ነበር?

አሁን ከመጽሐፍና ከወሬ ወጥተን በዐይናችን ያየነውን እንናገር። የእኅታችን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእኛ ቤት ያደገ ነው። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ የሠራተኞቹን የደመወዝ ሒሳብ የሚያሰላውን ፕሮግራም ይጠብቅ ነበር። በዚያ ቤት ይህን ሥራ የያዘ እርሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሥራው ሲገባ በበሩ የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ሰላምታ ከሰጡት በኋላ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ለመሆኑ በዚህ ዘመን ሌሊቱ አጥሯልን?» አሉት። እርሱም ቀልድ መስሎት «አባባ፣ ሌሊቱማ ያው ነው» ብሎ አለፈ። ጥያቄያቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከልቡ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ የዘበኞቹን ሒሳብ አውጥቶ ቢመለከት፣ ዘበኞቹ ከተራቸው ውጭ ለሚያድሩበት ሌሊት የሚከፈላቸው እኩሌታው ብቻ ሆኖ አገኘው።

የጥፋቱ መንሥኤ ይህ ነው። ዘበኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይወጣል። እኛ ሌሊቱን አንድ ሌሊት ብለን እንቈጥረዋለን፤ ኮምፒዩተሩ ግን ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑን ይለውጣል። ፕሮግራሙ የሰውየውን መውጫ በገባበት ቀን ውስጥ ሲፈልግ ስለሚያጣው፣ በስድስት ሰዓት ወጥቷል ብሎ ይዘጋዋል። ከስድስት ሰዓት እስከ ንጋት በብርድ የቆሙት እነዚያ ሽማግሌ በማሽኑ ዘንድ እንዳልነበሩ ሆኑ። ታዲያ ስለ ምን ዝም አሉ ቢባል፣ «ማሽን ያሰላውን ሒሳብ እኔ ያልተማርሁት እንዴት ተሳሳተ እላለሁ» ብለው ስለ ፈሩ ነው። ይህን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉት። የእጅ ሒሳብ ሲሳሳት ድኻው ይከራከር ነበር፤ ማሽን ሲሳሳት ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የማይከራከሩትን ሰዎች ጉዳይ በእጁ መያዙን ሊያውቅ ይገባዋል።

ወጣቱም ይህ ጥፋት መቼ እንደ ገባ ለማወቅ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። እዚህ ላይ የሙያው ታላቅ መሣሪያ ስለ ሆነው ስለ ጊት መናገር ይገባናል። ጊትን የጀመረው በፊንላንድ አገር የተወለደው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። እርሱና በዓለም የተበተኑ ብዙ ሰዎች ሊኑክስ የተባለውን ፕሮግራም ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዐብረው ሲጽፉ ኖረው ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የለውጣቸውን መዝገብ የሚይዙት የአንድ ኩባንያ ንብረት በሆነው በቢትኪፐር ነበር፤ ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. በነጻ የሰጠውን ፈቃድ ባነሣ ጊዜ መዝገብ አልባ ሊሆኑ ሆነ። ቶርቫልድስም በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊትን ሠራ። «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚባለው እንዲህ ባለው ነገር ነው፤ በመቸገር የተሠራው መሣሪያ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት ሆኗል።

ሥራውም እንደሚከተለው ነው። ጸሐፊው በፕሮግራሙ ላይ ለውጥ ባደረገ ቍጥር ኮሚት የሚባል መዝገብ ያኖራል። በመዝገቡ ውስጥ ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ለወጠው፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደ ሆነ፣ ስለ ምንም እንደ ተደረገ ይጻፋል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም መለያ ይሰጠዋል፤ መለያውም በተለመደው አሠራር 40 ምልክት ያለው ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የቀዳሚውን መለያ በውስጡ ስለሚይዝ፣ ከአሮጌው አንድ ፊደል ቢነካ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ መለያው ይለወጣል፤ እንደ ሰንሰለት ነው። በመዝገብ ቤት ያደገ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል። በብራና የሚጽፍ ሰው ቢሳሳት በምላጭ ይፍቀዋል፤ የመዝገብ ጸሐፊ ግን አይፍቅም፤ የተሳሳተው ቃል እየታየ በላዩ መስመር ያሰምርና ትክክለኛውን በአጠገቡ ጽፎ ይፈርምበታል። ይህም ለሚመጣው ሰው ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለትም ለዚህ ነው።

በጊት ውስጥ ጥፋትን የሚፈልጉበት ብልህ ዘዴ አለ። ደኅና የነበረበትን አንድ አሮጌ ቀንና የተበላሸበትን አንድ አዲስ ቀን ይይዙና መካከለኛውን ይፈትኑታል፤ መካከለኛው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ ከእርሱ በኋላ ነው፣ የተበላሸ ከሆነም ከዚያው ወይም ከእርሱ በፊት ነው። እንዲህ እኩሌታ እኩሌታውን እየጣሉ ሲሄዱ፣ ከ1,000 ለውጥ መካከል አጥፊውን ለማግኘት 10 ያህል ፈተና ይበቃል። የእኅታችንም ልጅ እንዲሁ ቢያደርግ፣ ከስምንት ወር በፊት ሒሳቡ ፈጥኖ እንዲወጣ ተብሎ የተደረገ አንድ ለውጥ ላይ ደረሰ። የለወጠውን ሰው ስም ቢያይ የራሱ ስም ነው። ምክንያቱ በሚጻፍበት ስፍራ ያለው ቃል ደግሞ «ትንሽ ማስተካከያ» የሚል ብቻ ነው። ከስምንት ወር በፊት ምን አስቦ እንደ ነበረ ራሱም ሊያስታውሰው አልቻለም። ስለዚህ የሙያው ዐዋቂዎች «ምን እንደ ለወጥህ ፕሮግራሙ ራሱ ይናገራል፤ አንተ ስለ ምን እንደ ለወጥህ ጻፍ» ብለው ተማሪዎቻቸውን ይመክራሉ።

በዚያ ምሽት ወደ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቍሮ ነበር። ራት ሳይበላ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» ብሎ የሆነውን ሁሉ ዘረዘረልን። ቀጥሎም «ነገ ማለዳ ሳይታይ ላስተካክለው እችላለሁ። ያለፈውንም መዝገብ መልሼ ልጽፈው እችላለሁ፤ ስሜ ያለበት ለውጥ እንዳልነበረ ይሆናል። ከእኔ በቀር መዝገቡን የሚያይ የለም» አለን። እውነቱን ነው፤ ይህ መሣሪያ የታሪክን መዝገብ መልሶ ለመጻፍም ያስችላል። ብዙ ሰዎች በየኮምፒዩተራቸው የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በያዙበት ቤት ይህን ያደረገ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል፤ በጋራ የሚሠሩ ሰዎችም የጋራውን ታሪክ መለወጥ እንደ ነውር ይቈጥሩታል። ብቻውን ለሚሠራ ግን ከኅሊናው በቀር ከልካይ የለውም።

እኛም «ይህን ለመንገር ስለ ምን እስከዚህ ፈራህ?» ብንለው፣ አንገቱን ደፍቶ «የፋኖሱን መስተዋት ያስታውሳሉ?» አለን። አስታወስነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ የፋኖስ መስተዋት ሰብሮ ስብርባሪውን ከአልጋ ሥር ደብቆት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛይቱ ስትጠርግ እጇን ቈረጣት። ያን ጊዜ እኛ በአለንጋ ገረፍነው፤ የገረፍነው ስለ ደበቀ መስሎን ነበር። እርሱ ግን ከዚያ ቀደም ሲኒ ሰብሮ ወዲያው በነገረን ጊዜም እንደ ገረፍነው አስታወሰን። «ብነግርም እገረፋለሁ፣ ብደብቅም እገረፋለሁ፤ ብደብቅ ግን ምናልባት ላይገኝ ይችላል ብዬ ነበር» አለ። ለዚህ ነገር መልስ አልነበረንም። ሒሳቡ ትክክል ነበረ፤ ያስተማርነውም እኛ ነን። ብዙ ከቆየን በኋላ «ስለ ሲኒው ይቅር በለን» አልነው። ከዚያም «ዘበኛው ዛሬ ማታ በሥራ ላይ ናቸውን?» ብለን ጠየቅነው። «አዎን፣ ጋሼ፤ ዛሬ ከተራቸው ውጭ ነው የሚያድሩት» አለ። ሌላ አልተናገርንም፤ እርሱም ሌላ አልጠየቀንም።

በማግሥቱ ወደ አለቃው ገብቶ የጥፋቱን መዝገብ ከነስሙ አሳየ። አለቃው ተቈጡ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጡት። ነገር ግን ስሕተቱ መቼ እንደ ጀመረ በቀንና በሰዓት ተመዝግቦ ስለ ነበረ፣ የስምንቱ ወር ጉድለት ያለ ክርክር ተሰልቶ ለዘበኞቹ ተከፈለ። ከሥራ የወጡትም ተፈልገው ድርሻቸው ተሰጣቸው። መዝገቡ ቢፋቅ ኖሮ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ሒሳብ ይስተካከል ነበር፤ ያለፈው ገንዘብ ግን ከእነዚያ ሰዎች ቤት እንደ ጐደለ ይቀር ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ በዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከዚህ ነገር በኋላ ወጣቱ ከሙያው ልማዶች መካከል ቸል ያላቸውን ሦስቱን ያዘ፤ እኛም ከእርሱ ተምረን እንጽፋቸዋለን።

የመጀመሪያው ሥራን ለሌላ ዐይን ማሳየት ነው። ይህም በእንግሊዝኛው ኮድ ሪቪው ይባላል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ወደ ሥራ አይገባም ማለት ነው። አይ.ቢ.ኤም. በተባለው ኩባንያ የሚሠራው ማይክል ፌገን በ1976 ዓ.ም. የፕሮግራም ጽሑፍ በሥርዓት የሚመረመርበትን መንገድ አሳትሞ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ልማዱ እየቀለለና እየተስፋፋ ሄደ። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ጸሐፊው የጻፈውን ሲያነብ የሚያየው ያሰበውን ነው፤ ሌላው ግን የተጻፈውን ያያል። ሌላ ሰው ባይገኝስ? አንድሩ ሀንትና ዴቪድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የሙያው ሰዎች በ1999 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ የሚያሥቅ ምክር ጽፈዋል፤ ይኸውም በጠረጴዛ ላይ የጎማ ዳክዬ አስቀምጦ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ለእርስዋ ማስረዳት ነው። ዳክዬይቱ አንዳች አትመልስም፤ ነገር ግን ሰው ሐሳቡን ጮኾ ሲያስረዳ የዘለለውን ነገር ራሱ ይሰማዋል። በቤታችን ዳክዬ ስለሌለ የእኅታችን ልጅ ይህን የሚያደርገው ቡና ለምታፈላው እናቱ ነው፤ እርስዋም አንዳንድ ጊዜ ከዳክዬይቱ የተሻለ ጥያቄ ትጠይቀዋለች።

ስሕተቱን ለሚያሳየው ሰው ዋጋ የሚከፍልም አለ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ዶናልድ ክኑት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ፕሮግራም ጥበብ ባወጣቸው ታላላቅ መጻሕፍት ውስጥ አዲስ ስሕተት ላገኘ ሁሉ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚከፈልበት ቼክ ይልክ ነበር። ከተቀባዮቹም ብዙዎቹ ቼኩን ወደ ባንክ ከመውሰድ ይልቅ በመስተዋት አስገብተው በግድግዳቸው ሰቅለውታል። ሊቁ ከተሳሳተ፣ ስሕተቱንም ላመለከተው ከከፈለ፣ ገና የጀመረው ወጣት ሲታረም ስለ ምን ያፍራል?

ሁለተኛው ልማድ አስቀድሞ መፈተን ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ከፕሮግራሙ ጋር ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ሥራውም ዋነኛውን መፈተን ብቻ ነው። «ከምሽቱ 12 ሰዓት የገባና ከንጋቱ 12 ሰዓት የወጣ ሰው ስንት ሰዓት ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ 12 ካልሆነ አዲሱን ለውጥ አያሳልፍም። ፈተናው አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በየለውጡ ሳይሰለች ይጠይቃል፤ ስለዚህ ያ የዘበኞቹ ጥፋት ተመልሶ ሊገባ ቢል ወዲያው ይያዛል። ይህን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብንለው ይስማማዋል። ይሁን እንጂ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እንዳስገነዘበው ፈተና ስሕተት መኖሩን ያሳይ ይሆናል እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ ብልህ ጸሐፊ የሚፈትነው በተለመደው ቀን ሳይሆን በዳር ባለው ቀን ነው።

ለአገራችን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ የውጭ አገር መጽሐፍ የማይነግራቸው ዳር አለ። ዓመቱን 12 ወር ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ፕሮግራም ጳጉሜን ሲደርስ ይደናገራል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ናት ብሎ የተጻፈውም በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ስድስተኛዋን ቀን ያጣታል። የስምም ነገር እንዲሁ ነው። የፊደላችን ምልክቶች በ1999 ዓ.ም. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ለማሽኑ ሠ እና ሰ በ እና ተ የሚለያዩትን ያህል የተለያዩ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የመዘገበውን ሰው ሌላው «ሀይለ ስላሴ» ብሎ ቢፈልገው፣ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ሰው በመዝገብ የለም» ይላል። በመዝገብ የሌለ ሰው ደግሞ ርስቱንም፣ ጡረታውንም ለማግኘት ስንት ደጅ እንደሚጠና እኛ በሚገባ እናውቃለን። እንግዲህ በፈተናው ውስጥ ጳጉሜን 6 ቀንን፣ ስድስት ሰዓት ሌሊትን፣ ሦስቱን ሀ፣ ሐ፣ ኀ ማስገባት የጸሐፊው ፋንታ ነው።

ሦስተኛው ልማድ ቅጂ ማኖርና ቅጂውንም መፈተን ነው። በጃኑዋሪ 31 ቀን 2017 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው ኩባንያ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ደክሞት ሳለ በሁለት ሰርቨሮች መካከል ተሳስቶ ዋነኛውን መዝገብ መደምሰስ ጀመረ። ወዲያው ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ኩባንያው ልዩ ልዩ የቅጂ መንገዶች ነበሩት፤ ሲፈለጉ ግን አንዱ ባዶ፣ ሌላውም የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጕዳይ የተነሣ አንድ ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ሥራም ጠፋ። ኩባንያው ግን ነገሩን አልሸሸገም። የሆነውን ሁሉ ለዓለም ገልጦ ጻፈ፤ ሲያስተካክሉም ሕዝብ እንዲመለከት አደረገ። ምክንያቱንም ሲመረምር «ማን አጠፋ?» በሚለው ሳይወሰን «አሠራራችን ይህን ጥፋት እንዴት ፈቀደ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ መልሶ ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ አለመሆኑን ነው፤ ጐተራው ሙሉ ነው እያሉ ሳይከፍቱት ክረምት እንደ መግባት ነው።

አሁን ደግሞ ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም የሚጽፍበት ዘመን መጥቷል። ሰው የሚፈልገውን በቃል ሲነግረው ማሽኑ ብዙ ገጽ በአፍታ ይጽፋል። አንዳንድ ሰዎች «እንግዲህ መዝገቡም፣ ፈተናውም፣ የሌላ ሰው ዐይንም ቀረ» ይላሉ። እኛ ግን ከቀድሞው ይልቅ አሁን ያስፈልጋል እንላለን። ማሽን ሲሳሳት እንደማያፍር ሁሉ ተጠያቂም አይሆንም፤ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው የሰው ስም ነው። ያልጻፈውን ያሳለፈ ሰው፣ ሳያነብ እንደ ፈረመ ሹም ነው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ይህን ሁሉ ያመጣነው ሁላችሁም ፕሮግራም ትጽፉ ዘንድ አይደለም። እነዚህ ልማዶች ሁሉ ቁመው የሚሄዱት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ለማለት በሚችል ሰው ነው፤ ያን ሰው ደግሞ ኩባንያም ትምህርት ቤትም ብቻውን አያወጣውም፤ መጀመሪያ የሚሠራው በቤት ነው። ልጅ የሰበረውን ይዞ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የምትሉትን ቃል ተጠንቀቁ። መስተዋቱ እንደ ሆነ ተሰብሯል፤ በዚያች ሰዓት የቀረው ነገር ልጁ በሚመጣው ጊዜ ይነግራችሁ እንደ ሆነ ወይም ይደብቃችሁ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ጥፋቱን ሳይነግር የደበቀውን መቅጣት ይገባ ይሆናል፤ መጥቶ የነገረን ግን አብሮ ስብርባሪውን መልቀምና ሌላ ጊዜ እንዳይሰበር ፋኖሱ የት ይቀመጥ ብሎ መመካከር ይሻላል። እኛ ይህን ዘግይተን ተማርነው፤ ሠላሳ ዓመት ባልሞላው ልጅ ፊት ይቅርታ በመጠየቅ ነው የተማርነው።

ሽማግሌው ዘበኛ የቀረባቸውን ገንዘብ በተቀበሉ ማግሥት ወጣቱን በበሩ አገኙትና እጁን ይዘው «ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁህ በቀልድ ነበር፤ አንተ ግን ሄደህ ፈለግኸው» አሉት። እርሱም «አባባ፣ ሌላም ጊዜ ሌሊቱ ያጠረ ሲመስልዎት ይንገሩኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ወረቀቱን ወደ ዘበኞቹ ቤት ወስዶ ያነብላቸዋል፤ እነርሱም ያደሩበትን ሌሊት በጣታቸው እየቈጠሩ ያመሳክሩታል።